ከኩራዝ እስከ ኤል ኢ ዲ፤ የመብራት ታሪክ በነቀምቴና በወለጋ ከተሞች

የመጽሔታችን አዘጋጅ ክፍል ስለ አዲሱ የመብራት ስልት ለዚህ ዓመት እትም አንድ ጽሑፍ እንዲቀርብ በጠየቀ ጊዜ፣ ነገሩን ከዕቃው መግለጫ ከመጀመር ይልቅ ከታሪኩ መነሣት የተሻለ መስሎ ታይቷል። ምክንያቱም አንድ የመብራት መሣሪያ ምን ያህል እንደሚጠቅም የሚታወቀው ከእርሱ በፊት ምን እንደነበረና የቀድሞው ለምን እንዳልበቃ ሲታወቅ ነው። ለምሳሌ የሚሆን ቦታ ለመምረጥም ከወለጋ የተሻለ አይገኝም። ወለጋ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ወንዞቿን ለኤሌክትሪክ ስትሰጥ የኖረች ምድር ናት፤ ሆኖም ብዙዎቹ ከተሞቿና ይልቁንም የገጠር ቀበሌዎቿ ምሽታቸውን በኩራዝ ሲያሳልፉ ኖረዋል። ይህ ተቃርኖ እንዴት ተፈጠረ? አዲሱ መብራትስ ምን ያህሉን አቃለለ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች መመርመር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን እንዲያስታውሱ በቅድሚያ ይገለጻል።

ከኤሌክትሪክ በፊት

በጥንቱ የወለጋ ቤት ውስጥ ምሽትን የሚያበራው በመጀመሪያ ደረጃ ምድጃው ነበር። እሳቱ ያበስላል፣ ያሞቃል፣ ያበራል፤ ሦስቱ ተግባራት ገና አልተለያዩም። ከቤት ውጭ ችቦ፣ በቤተ ክርስቲያንና በባለጸጎች ቤት ደግሞ የሰም ጧፍ ነበረ። በኦሮምኛ መብራትን «ኢብሳ»፣ ብርሃንን «ኢፋ» ብሎ የሚጠራው ሕዝብ ሁለቱን በቃል ለይቶ እንደሚያውቃቸው ሁሉ፣ የእኛም ሙያ መሣሪያውንና ከመሣሪያው የሚገኘውን ነገር ለይቶ ሊያያቸው ይገባል። በዚህ ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ወደዚህ ልዩነት እንመለሳለን።

ነቀምቴ በ19ኛው ምዕተ ዓመት የሌቃ ገዥዎች መናገሻ ሆና ያደገች ከተማ ናት። የሞረዳ በከሬና የልጃቸው የኩምሳ ሞረዳ፣ በክርስትና ስማቸው የደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ ቤተ መንግሥት ዛሬም በቅርስነት ቆሞ ይታያል። በዚያ ዘመን የውጭ ሸቀጥ ወደ ወለጋ የሚገባባቸው በሮች ሁለት ነበሩ። አንደኛው ከአዲስ አበባ በበቅሎ ጭነት የሚመጣበት የምሥራቁ መንገድ ሲሆን፣ ሁለተኛው ከ20ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ ጀምሮ ከካርቱም በእንፋሎት መርከብ በባሮ ወንዝ ላይ እስከ ጋምቤላ የሚደረሰው የምዕራቡ በር ነው። በዚህ በምዕራቡ በር ቡና ይወጣል፣ ጨውና ጨርቅ ይገባል። መርከቡ ግን የሚደርሰው ወንዙ በሚሞላበት በክረምት ብቻ ስለነበር፣ ንግዱ እንደ ዝናቡ ሁኔታ የሚወሰን ነበር። ነጩ ጋዝ፣ ማለትም ላምባ፣ እንዲህ ባለው ሩቅ ጉዞ ይደርስ ለነበረ ሕዝብ፣ ኩራዝ ራሱ የሥልጣኔ ዕቃ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የብርሃንን ፍላጎት ከምንም ነገር በላይ የለወጠው ንባብ ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ካዘጋጁ በኋላ በ1904 ወደ ወለጋ ተመልሰው በነቀምቴ ማስተማር ጀመሩ። በ1919 ደግሞ የአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያን ሚሲዮን በዶክተር ቶማስ ላምቢ መሪነት በሳዮ፣ በዛሬዋ ደምቢ ዶሎ፣ ሥራ ጀመረ፤ በ1928 የጀርመኑ የሄርማንስቡርግ ሚሲዮን አይራ ደረሰ፤ በ1940ዎቹም የአድቬንቲስት ሆስፒታል በጊምቢ ተከፈተ። ትምህርት ቤትና ሐኪም ቤት በአንድ ከተማ ሲቆሙ የምድጃ ብርሃን አይበቃም። ለማውራትና ለመብላት የሚበቃው ብርሃን ፊደል ለመለየት ወይም ቁስል ለመስፋት አይሆንም። በመሆኑም በእነዚህ ከተሞች የመብራት ጥያቄ በመጀመሪያ የተነሣው ለድሎት ሳይሆን ለሥራ ነው ማለት ይቻላል።

ኩራዝ የሚሰጠው ብርሃን 10 ሉመን ያህል ብቻ ነው። ባለ ብርጭቆው ፋኖስ ጥላሸቱን ቀንሶ ብርሃኑን ወደ 40 ሉመን ገደማ ያደርሰዋል። አንድ ባለ 60 ዋት ተራ አምፖል ግን 700 ሉመን ያህል ይሰጣል። ስለዚህ ከኩራዝ ወደ አምፖል የሚደረገው ሽግግር የመጠን መሻሻል ብቻ ሳይሆን ሰባ እጥፍ የሚሆን ዝላይ ነው። በኩራዝ ዙሪያ ሦስት ልጆች ቢቀመጡ ብርሃኑ ለአንዱ ይደርሳል፣ ለሁለቱ ጥላ ይሆናል፤ ጢሱ ግን ለሦስቱም እኩል ይደርሳል።

የሞተሩ ዘመን

ኤሌክትሪክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1898 በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት መሆኑ በሰፊው የታወቀ ነው። በ1930ዎቹ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው የአባ ሳሙኤል ጣቢያ የአዲስ አበባን መብራት አጠናከረ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1956 ከተቋቋመ በኋላ ደግሞ የቆቃ ጣቢያ በ1960 በ43.2 ሜጋ ዋት አቅም ሥራ ጀመረ። እነዚህ ሁሉ ግን በአዋሽ ተፋሰስ ውስጥ የተሠሩና የመካከሉን አገር የሚያገለግሉ ነበሩ። እንደ ነቀምቴ ያሉት የጠቅላይ ግዛት ከተሞች የሚጠብቁት ሌላ ነገር ነበር፤ ይኸውም የዲዝል ሞተር ነው።

የዲዝል ዘመን በባለሙያ ዓይን ሲመረመር ሦስት ችግሮች ጎልተው ይታያሉ። የመጀመሪያው የከፍታ ጉዳይ ነው። ነቀምቴ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል አየር ጋር ሲነጻጸር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። አየርን በራሱ እየሳበ የሚሠራ ሞተር የኦክስጅን እጥረት ስለሚገጥመው በስም ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ኃይል ሊሰጥ አይችልም። ይህን ሳያሰላ የተገዛ ሞተር ከተማዋ ገና ሳታድግ ይጨናነቃል።

ሁለተኛው የነዳጅ ጉዞ ነው። የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ በ1967 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ናፍታው ከቀይ ባሕር ዳርቻ ተነሥቶ አዲስ አበባን አልፎ ነቀምቴ እስኪደርስ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ በመኪና ይጓዝ ነበር። ከዚያ ወደ ጊምቢ፣ ወደ ነጆና ወደ ደምቢ ዶሎ የሚሄደው ደግሞ ሌላ መንገድ ይቀረዋል። በክረምት መንገዱ ሲበላሽ መብራቱም ይቋረጣል። ነዳጁን የሚያጓጉዘው መኪና ራሱ ነዳጅ የሚበላ መሆኑ ሲታሰብ፣ በመጨረሻው ከተማ አምፖል ላይ የሚደርሰው ብርሃን ምን ያህል ውድ እንደነበር መገመት አያዳግትም።

ሦስተኛው የሰዓት ጉዳይ ነው። በሞተር የሚሠሩ ብዙ ትንንሽ ከተሞች መብራት የሚያገኙት ከምሽት እስከ እኩለ ሌሊት ለተወሰኑ ሰዓታት ብቻ ነበር። በመሆኑም ኤሌክትሪክ የምሽት እንግዳ እንጂ የቀን ሠራተኛ አልነበረም። ወፍጮውና የቡና መፈልፈያው የየራሳቸውን ሞተር ይዘው ለብቻቸው ይሠሩ ነበር። በአንድ ከተማ ውስጥ ሞተሮች እንዲህ ተበታትነው ሲሠሩ ሁሉም ከአቅማቸው በታች ይጫናሉ፤ ከአቅሙ በታች የሚሠራ ዲዝል ደግሞ ለእያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት የሚፈጀው ነዳጅ ይበዛል። ለኢንዱስትሪ መነሻ ሊሆን ይችል የነበረው የቡና ሀብት ለከተማዎቹ የጋራ የኃይል ምንጭ መሠረት ሳይሆን የቀረበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ፊንጫ፤ ውሃው ከዚህ፣ መስመሩ ወደዚያ

በሆሮ ጉዱሩ ደጋ ላይ የጮመን ረግረግ የሚባል ሰፊ ሜዳ ነበር። የፊንጫ ወንዝ ከዚህ ረግረግ ወጥቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወርድ በአጭር ርቀት ውስጥ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። ለኤሌክትሪክ መሐንዲስ ይህ የተፈጥሮ ስጦታ ነው። ከፍተኛ መውረጃ ካለ ትንሽ ውሃ ብዙ ኃይል ስለሚሰጥ፣ ግድቡ እጅግ ረጅም መሆን አያስፈልገውም። በዓለም ባንክ ብድር ጭምር የተሠራው ጣቢያ በ1973 በ100 ሜጋ ዋት አቅም ሥራ ጀመረ፤ በጊዜውም በአገሪቱ ትልቁ ነበር። በ1987 የአመርቲ ወንዝ ወደ ሐይቁ እንዲጠለፍ ተደረገ። በ2003 አራተኛ ተርባይን ተጨምሮ የጣቢያው አቅም 134 ሜጋ ዋት ደረሰ። በ2010ዎቹ መጀመሪያም በአቅራቢያው 97 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የፊንጫ አመርቲ ነሼ ጣቢያ ተጨመረ።

ጊዜው የገጠመበት ሁኔታ ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ፊንጫ ሥራ በጀመረበት በ1973 መጨረሻ የዓለም የነዳጅ ዋጋ በድንገት አሻቀበ፤ በጥቂት ወራት ውስጥም አራት እጥፍ ያህል ሆነ። በየካቲት 1974 የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙት በቤንዚን ዋጋ ምክንያት እንደነበረ ይታወቃል። አገሪቱ ከነዳጅ ይልቅ በውሃ ኃይል ላይ መመሥረቷ ትክክል እንደነበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም። ፊንጫ ለረጅም ዓመታት የተጣመረው የኤሌክትሪክ ሥርዓት ዋና ምሰሶ ሆኖ አገልግሏል።

ይሁንና የሒሳቡ ሌላ ገጽ አለ። ሐይቁ ሲሞላ ከ200 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆን መሬት በውሃ ተሸፈነ። ከዚህም ውስጥ አብዛኛው ረግረግና የግጦሽ ሜዳ ሲሆን፣ የእርሻ መሬትና ደንም ነበረበት። በዚያ ሜዳ ከብት ያረባ የነበረው የጉዱሩና የሆሮ ገበሬ ወደ ተዳፋቱ ለመውጣት ተገደደ። ተዳፋቱ ሲታረስ አፈሩ ተሸርሽሮ ተመልሶ ወደ ሐይቁ ገባ። ከጣቢያው የተነሣው ባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመር ግን በቀጥታ ያመራው ወደ አዲስ አበባ ነበር። ነቀምቴ ከተጣመረው ሥርዓት ጋር የተገናኘችው ቆይቶ፣ በጌዶ በኩል በመጣ መስመር ነው። በሐይቁ ዙሪያ የሚኖረው ሕዝብ ከጎጆው ሆኖ የከፍተኛ ውጥረት ምሰሶዎችን እያየ ለአሥርት ዓመታት ኩራዙን ሲለኩስ ኖሯል።

ለዚህ የሚሰጠው ቴክኒካዊ ምክንያት የታወቀ ነው። የ230 ኪሎ ቮልት መስመርን በየመንደሩ ማውረድ አይቻልም፤ ማከፋፈያ ጣቢያ ይፈልጋል፤ ማከፋፈያ ጣቢያ ደግሞ በቂ ጭነት ካልተገኘ ወጪውን አይሸፍንም። ይህ ምክንያት እውነት ነው፤ ግን ሙሉ እውነት አይደለም። ጭነቱ ትንሽ የሆነው ሕዝቡ ብርሃን ስለማይፈልግ አልነበረም፤ የሚፈልገው ብርሃን በወቅቱ አምፖል ሲለካ ውድ ስለነበር ነው። የቤቱን ብርሃን የሚሰጠው መሣሪያ ኃይል አባካኝ ከሆነ መስመሩም፣ ትራንስፎርመሩም፣ ምሰሶውም በዚያ ብክነት ልክ መሠራት ግድ ይላቸዋል። ነገሩ እዚህ ላይ ወደ አምፖሉ ታሪክ ይመልሰናል።

አምፖሉ ሲለወጥ

ተራው አምፖል ሽቦ ግሎ የሚያበራ መሣሪያ ነው። ከሚወስደው ኃይል ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ሙቀት ሆኖ ይጠፋል፤ ለእያንዳንዱ ዋት የሚሰጠው 12 ሉመን ያህል ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ለቮልቴጅ መውረድ እጅግ ስስ ነው። በረጅም መስመር ጫፍ ላይ ባለ ከተማ ቮልቴጁ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ ተራ አምፖል ከብርሃኑ ግማሹን ያህል ያጣል። «መብራቱ አለ፣ ግን እንደሌለ ነው» የሚለው የወለጋ ከተሞች ነዋሪ እሮሮ ሳይንሳዊ መሠረት ነበረው።

የመጀመሪያው ለውጥ የመጣው በኃይል ቆጣቢው ፍሎረሰንት አምፖል ነው። ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቆጣቢ አምፖሎችን አስመጥቶ አከፋፈለ። የሥራው ትርጉም በቀላል ስሌት ይታያል። አንድ ባለ 60 ዋት አምፖል በባለ 11 ዋት ሲተካ 49 ዋት ይተርፋል። እንዲህ ያለ 1 ሚሊዮን አምፖል በአንድ ምሽት ሰዓት አብሮ ቢበራ የሚተርፈው 49 ሜጋ ዋት ይሆናል፤ ይህም ፊንጫ በተመረቀበት ጊዜ ከነበረው አቅም ግማሹ ማለት ነው። ለዚህ ግማሽ ፊንጫ አንድም ሜዳ በውሃ አልተሸፈነም። የቆጣቢው አምፖል ጉድለት በውስጡ ጥቂት የሜርኩሪ ትነት መያዙ ነበር፤ ሲሰበር ወይም ሲጣል ለአካባቢ ጉዳት ያደርሳል፤ በየትንንሹ ከተማም የተቃጠለውን አምፖል ሰብስቦ የሚያስወግድ አሠራር አልነበረም።

ሁለተኛውና ወሳኙ ለውጥ ብርሃን አመንጪው ዳዮድ፣ በተለምዶ ኤል ኢ ዲ የሚባለው ነው። በዚህ መሣሪያ ውስጥ የሚግል ሽቦ የለም፤ የሚነድም ጋዝ የለም። በሁለት ዓይነት ከፊል አስተላላፊ አካላት መገናኛ ላይ ኤሌክትሮን ከፍ ካለ የኃይል ደረጃ ወደ ዝቅተኛው ሲወርድ የቀረውን ኃይል በብርሃን መልክ ይለቃል። ውሃ ከጮመን ወደ ሸለቆው ሲወርድ ኃይሉን ለተርባይኑ እንደሚያስረክብ ማለት ነው። የመውረጃው ከፍታ የተርባይኑን ኃይል እንደሚወስን ሁሉ፣ በዳዮዱ ውስጥ ያለው የኃይል ደረጃ ልዩነትም የብርሃኑን ቀለም ይወስናል። ትንሽ ልዩነት ቀይ ይሰጣል፤ ትልቅ ልዩነት ሰማያዊ ይሰጣል።

ቀዩ ዳዮድ በ1962 በአሜሪካ በኒክ ሆሎንያክ ተሠራ። ሰማያዊውን ብሩህ አድርጎ ለመሥራት ግን ሠላሳ ዓመት ያህል ፈጀ። ለዚህ ሥራ ጃፓናውያኑ ኢሳሙ አካሳኪና ሂሮሺ አማኖ፣ ከጃፓን ተነሥቶ በአሜሪካ የሚሠራው ሹጂ ናካሙራም፣ በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሰማያዊው ከተገኘ በኋላ ነጩ ቀላል ሆነ፤ 450 ናኖሜትር ያህል የሞገድ ርዝመት ባለው ሰማያዊ ዳዮድ ላይ ቢጫ የሚያበራ ዱቄት ሲቀባ፣ ከሰማያዊውና ከቢጫው መቀላቀል ለዓይን ነጭ የሚመስል ብርሃን ይወጣል። ዛሬ በገበያ ላይ ያለ ደህና ኤል ኢ ዲ በአንድ ዋት 100 ሉመንና ከዚያም በላይ ይሰጣል።

ይህ ቁጥር ለአንድ ትንሽ ከተማ ምን ማለት እንደሆነ እንመልከት። 100 ቤቶች እያንዳንዳቸው ባለ 60 ዋት ሦስት አምፖሎች ቢያበሩ ለመብራት ብቻ 18 ኪሎ ዋት ያስፈልጋል። ተመሳሳዩን ብርሃን በባለ 9 ዋት ኤል ኢ ዲ ለማግኘት ግን 2.7 ኪሎ ዋት ይበቃል። ትናንት ለሠፈሩ መብራት እንኳ ይጠብ የነበረው ትራንስፎርመር ዛሬ መብራቱን ሸፍኖ ለእንጀራ ምጣዱ፣ ለብየዳውና ለማቀዝቀዣው ቦታ ይተርፈዋል።

ከትንሽ የባሕር ገንዳ የሚገኝ ትምህርት

ይህንኑ ሰማያዊ ዳዮድ ከነቀምቴ እጅግ በራቀ ጉዳይ ላይ ሲሠራ ማየት ለሙያችን ጠቃሚ ትምህርት ይሰጣል። በውጭ አገር ከተሞች በመስተዋት ገንዳ ውስጥ የባሕር ውሃ አዘጋጅተው ሕያው ኮራል የሚያሳድጉ ብዙ ሰዎች አሉ። ኮራል በቀይ ባሕር ዳህላክ ደሴቶች ዙሪያ እንደሚታየው በጥልቀት በሌለው ሞቃት ባሕር ውስጥ የሚኖር እንስሳ ነው። በሰውነቱ ውስጥ እጅግ ደቃቅ ዋቅላሚዎች ይኖራሉ፤ እነርሱ በብርሃን ምግብ ይሠራሉ፣ ኮራሉም ከዚያ ምግብ ይካፈላል። ስለዚህ በገንዳው ላይ የሚሰቀለው መብራት ጌጥ ሳይሆን ቀለብ ነው።

የባሕር ውሃ ቀዩን ብርሃን በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሜትሮች ውስጥ ይውጠዋል፤ ወደ ጥልቁ የሚዘልቀው ሰማያዊው ነው። ኮራሉም የለመደው ይህንኑ ነው። በመሆኑም 60 ሊትር ያህል ለሚይዝ ትንሽ ገንዳ መብራት የሚያዘጋጅ ሰው በ450 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ሰማያዊ ዋና አድርጎ፣ ነጩን ለዓይን ያህል ይጨምራል። መብራቱን ከውሃው ወለል በላይ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ይሰቅለዋል፤ ይህም ብርሃኑ እኩል እንዲሠራጭና ጨዋማው ፍንጣቂ እንዳይደርስበት ነው። ዳዮዱ ቢሞቅ ዕድሜው ስለሚያጥር ጀርባውን ሙቀት በሚያስተላልፍ አሉሚኒየም ላይ ያስቀምጠዋል። በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ኃይሉን አይለቅም፤ ከአቅሙ ሲሶ ያህል ጀምሮ በሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ያሳድጋል። ኮራል በድንገተኛ ብርሃን ይነጣል፣ ሲከፋም ይሞታል። በቀን የሚበራበትም ሰዓት ከ8 እስከ 10 ነው፤ ሌሊቱ ጨለማ መሆን አለበት።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሉመን የሁሉ መለኪያ አለመሆኑ ነው። ሉመን የተሠራው በሰው ዓይን ልክ ነው፤ የሰው ዓይን ደግሞ አረንጓዴውን አጉልቶ ሰማያዊውን ያሳንሳል። በሉመን ሲለካ ደካማ የሚመስል ሰማያዊ መብራት ለኮራሉ ሙሉ ማዕድ ነው። ስለዚህ ገንዳውን የሚያዘጋጀው ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ሳይሆን «ብርሃኑ ለማን ነው?» ብሎ ነው።

ይህንን ጥያቄ ወደ ወለጋ እንመልሰው። ለተማሪ የሚያስፈልገው ወረቀቱ ላይ የሚያርፍና የማይርገበገብ ብርሃን ነው። ለጤና ጣቢያ የወሊድ ክፍል የሚያስፈልገው ግን ቀለምን በትክክል የሚያሳይ ብርሃን ነው፤ የአዲስ ሕፃን ቆዳ ወደ ቢጫ ማድላቱን፣ የእናትየው ከንፈር መንጣቱን አዋላጇ የምታየው በቀለም ነውና። ርካሽና ሰማያዊው የበዛበት ነጭ መብራት ክፍሉን ቦግ ያደርገዋል፤ ቀለሙን ግን ይሰርቃል። ቡና ለሚለቅም እጅም እንዲሁ ነው። ለመንገድ ደግሞ ይበልጥ የሚፈለገው ብርሃኑ ወደ ሰማይ ሳይሆን ወደ መሬት መውረዱ ነው። በግዢ ሰነድ ላይ «ኤል ኢ ዲ፣ 9 ዋት» ተብሎ ብቻ ሲጻፍ እነዚህ ሁሉ ፍላጎቶች አንድ ላይ ተጨፍልቀው ይጠፋሉ።

ከመስመር ውጭ

ኤል ኢ ዲ ከሁሉ የበለጠ ለውጥ ያመጣው መስመር ባልደረሰበት ቦታ ነው። የተራ አምፖል ዘመን የፀሐይ ኃይል ለድሃ ቤት የማይታሰብ ነበር። አሁን ግን 1.5 ዋት የሚወስድ መብራት 150 ሉመን ይሰጣል፤ ለአራት ሰዓት ሲበራ የሚፈጀው 6 ዋት ሰዓት ብቻ ነው። ይህን ለመሙላት የእጅ መዳፍን ጥቂት የሚበልጥ የፀሐይ ሰሌዳ ይበቃል። በዓለም ባንክ ድጋፍ በኢትዮጵያ ልማት ባንክ በኩል ለአስመጪዎች በተሰጠው ብድር ጭምር እነዚህ ትንንሽ መብራቶች ከ2010ዎቹ ጀምሮ ወደ ገጠሩ በብዛት ገቡ። በ2017 ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራምም ከሕዝቡ 65 በመቶው በመስመር፣ 35 በመቶው ከመስመር ውጭ በሆኑ ዘዴዎች እንዲዳረስ አቅዶ ነበር። የፀሐይ መብራት የመሐንዲስ ዕቅድ አካል ሆኖ በግልጽ መጻፉ በራሱ ታሪካዊ ለውጥ ነው።

ይሁንና ወለጋ የራሷ የሆነ ፈተና አላት። ክረምቱ ረጅም ነው፤ በነቀምቴ አካባቢ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ ይወርዳል፤ በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ ለሳምንታት ይዳምናል። ለጠራ ሰማይ የተሠራ ትንሽ ሰሌዳ በዚህ ወቅት ባትሪውን አይሞላም። በየቀኑ በግማሽ የሚሞላ ባትሪ ደግሞ ቶሎ ያረጃል። ስለዚህ ለወለጋ የሚመረጥ ሰሌዳ በዓመቱ አማካይ ፀሐይ ሳይሆን በነሐሴ ፀሐይ ሊሰላ ይገባዋል። ዋጋው ይጨምራል፤ ነገር ግን በክረምት የማያበራ መብራት ገበሬውን ሌሊቱ በሚጨልምበት ወቅት ወደ ኩራዙ ይመልሰዋል።

ሁለተኛው ፈተና የጥራት ነው። ዳዮዱ ራሱ ለአሥር ሺዎች ሰዓታት ሊያገለግል ይችላል፤ ቀድሞ የሚሞተው ዳዮዱን የሚመግበው ትንሹ የኤሌክትሮኒክስ ክፍል ነው። ደህናው ክፍል ቮልቴጁ ቢወርድም ቢወጣም ለዳዮዱ እኩል ጅረት ይሰጣል። ርካሹ ግን ይህን አያደርግም፤ ቮልቴጁ ሲዋዥቅ አብሮ ይርገበገባል፣ መብራት ተቋርጦ ሲመጣ በሚከሰተው ድንገተኛ ግፊትም ይቃጠላል። ቮልቴጅ በሚዋዥቅበት ከተማ ርካሹን አምፖል መግዛት በዓመት ሦስት ጊዜ መግዛት ማለት ነው። ከዚህም ሌላ ከ2018 ወዲህ በአካባቢው በደረሰው የጸጥታ መደፍረስ የጥገና ሠራተኛ እንደልቡ ሊንቀሳቀስ ያልቻለባቸው ጊዜያት መኖራቸውን ማስታወስ ያስፈልጋል። እንዲህ ባለ ጊዜ በጤና ጣቢያ ጣሪያ ላይ ያለች አንዲት የፀሐይ ሰሌዳ ከሩቅ ሜጋ ዋቶች ይልቅ ሕይወት ታድናለች።

መደምደሚያ

በ2011 የመሠረት ድንጋዩ የተጣለውና በመስከረም 2025 የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ይህም ፊንጫ በተመረቀበት ቀን ከነበረው ኃምሳ እጥፍ በላይ ነው። በግድቡ ጀርባ በተኛው ውሃ ውስጥ የፊንጫ፣ የአንገር፣ የዴዴሳና የዳቡስ ድርሻ አለ፤ እነዚህም ከወለጋ ደጋዎች የሚነሡ ወይም ወለጋን የሚያካልሉ ወንዞች ናቸው። ከግድቡ ተነሥቶ በዴዴሳ በኩል ወደ ሆለታ የሚያመራው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመርም የሚያልፈው በዚሁ ምድር ነው። ከኃምሳ ዓመታት በፊት በፊንጫ የተጠየቀው ጥያቄ እንደገና ፊታችን ቆሟል ማለት ነው፤ ውሃው ከዚህ ከሄደ፣ መስመሩም በዚህ ካለፈ፣ ብርሃኑ እዚህ የሚያርፈው መቼ ነው?

በ1973 ለዚህ ጥያቄ «ጭነቱ አይበቃም» የሚል መልስ ይሰጥ ነበር። ዛሬ ይህ መልስ አቅሙን አጥቷል። የአንድ ቤት መብራት ፍላጎት ወደ ሰባተኛው እጅ ወርዷል፤ መስመር እስኪደርስም ቤቱ በራሱ ሰሌዳ ሊያበራ ይችላል። የቀረው የማከፋፈያ መስመሩን እስከ መንደሩ ማድረስ፣ አምፖሉን በጥራት መምረጥና ሰሌዳውን በክረምት ሰማይ ልክ ማስላት ነው። እነዚህ ደግሞ ከሌላ ወገን የሚጠበቁ ሳይሆኑ የእኛ የሙያው ሰዎች ሥራ ናቸው።

በመጨረሻም አንድ ሐሳብ ለማኅበራችን አባላት ይቀርባል። ስለ ኃይል ልማት የምናቀርባቸው ዘገባዎች የሚጀምሩትም የሚጨርሱትም በሜጋ ዋት ነው። ሜጋ ዋት የመሣሪያው መለኪያ ነው፤ «ኢብሳ» ነው። በአጠገቡ «ኢፋ»ውን፣ ማለትም በተማሪው ደብተርና በአዋላጇ እጅ ላይ ያረፈውን ብርሃን፣ በየከተማው እየለካን የምንጽፍበት አንድ ዓምድ ብንጨምር፣ ከእኛ በኋላ የሚመጡት የወለጋን የመብራት ታሪክ ከእኛ የተሻለ አድርገው ሊጽፉት ይችላሉ።